መልስ የማይሰጡኝ ሜንተር

ሰሞኑን ሜንተር፣ ማለትም በስራ የሚመክረን ልምድ ያለው ሰው፣ ፈልጊልን የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። ሳወራቸው አብዛኞቹ የሚፈልጉት ደውለው "ይሄን ላድርግ ወይስ ያንን?" ሲሉት ቁርጡን የሚነግራቸው ሰው ነው። ይገባኛል፣ ሰው ሲጨንቀው የሚወስንለት ይፈልጋል። እኔ ግን ስለ ስራም ስለ ሰውም ትልቁን ነገር የተማርኩት መልስ ከማይሰጡ ሰው ነው፣ ስለሳቸው ልፃፍ ልፃፍ እያልኩ ስተወው ከርሜ ዛሬ ቁጭ አልኩ።

ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም መጠራት አይወዱም፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ድርጅት ከምንም ተነስተው አቋቁመው፣ አሳድገው፣ ጤነኛ ሳሉ ለሌላ ሰው አስረክበው የወጡ ሰው ናቸው። ችግር ይዤ ስሄድ ስልካቸውን ገልብጠው ያስቀምጡና እስከ መጨረሻው ያዳምጡኛል፣ አያቋርጡም። ስጨርስ ሁሌም የምትመጣው ጥያቄ "አንቺ ምን አሰብሽ?" ናት። ገና አላሰብኩበትም ካልኳቸው "እንግዲያው አስቢበትና ነይ" ብለው ይሸኙኛል፣ ቁጣ የለበትም፣ በር ድረስ ወጥተው ነው የሚሸኙኝ። አስቤበት ስመለስ ደሞ ሁለተኛዋ ጥያቄ ትመጣለች፣ "ባይሳካ መመለስ ይቻላል?" የሚመለስ ነገር ከሆነ ዛሬውኑ ወስኚና ስሪው ይላሉ። የማይመለስ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ሸሪክ ማስገባት፣ ረጅም ኮንትራት መፈረም ምናምን፣ "የማይስማማሽን ሰው ፈልገሽ አነጋግሪ" ነው የሚሉኝ፣ የሚስማማኝን ሳይሆን የማይስማማኝን።

ይሄ የጥያቄ ነገር የሳቸው ብቻ አይደለም። የቺፕ አምራቹ የኢንቴል ኃላፊ የነበረውን የአንዲ ግሮቭን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመሰረት መጀመሪያ እንጀራው የሜሞሪ ቺፕ (ኮምፒውተር መረጃ የሚይዝበት) ነበር፣ በኋላ የጃፓን ድርጅቶች በጥራትም በዋጋም ገበያውን ነጠቁትና በ1985 አካባቢ ኃላፊዎቹ መውጫው ጠፋቸው። ግሮቭ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ ከድርጅቱ መስራቾች አንዱን ጎርደን ሙርን ጠየቀው፣ እኛን አባረው አዲስ ኃላፊ ቢያመጡ ሰውየው ምን ያደርጋል? ሙር ወዲያው ከሜሞሪ ያስወጣን ነበር አለ። ታዲያ ለምን እኛው ራሳችን አናደርገውም ተባባሉ፣ ሜሞሪውን ትተው ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተር አንጎል የሚባለው ቺፕ) ላይ አተኮሩ፣ ኢንቴልን ዓለም ያወቀው በዛ ነው። ልብ በሉ፣ መልሱ ሁለቱም ጋር ነበር፣ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። ከፋውንደር (ከድርጅት መስራች) በላይ ከራሱ ስራ ጋር ፍቅር የሚይዘው ሰው የለም፣ ፍቅር የያዘውን ሰው ደሞ ስትመክሩት አይሰማም፣ ስትጠይቁት ግን እየመለሰ ራሱን ይሰማል።

ገንዘብ ላይ ግን ጋሼ ጥያቄ ብቻ አይደሉም፣ ወረቀት ያወጣሉ። አንድ ገፅ ላይ ሳምንቶቹን በተርታ ይፅፋሉ፣ ከላይ የሚገባው፣ ከስር የሚወጣው፣ ከታች የሚቀረው። የሚገባው ላይ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) የላክሽበትን ቀን እንድትፅፊ አይፈቅዱም፣ ገንዘቡ አካውንት ውስጥ በእርግጥ የሚገባበትን ቀን ነው የሚፈልጉት። ስራውን ጥር ላይ አስረክበሻል እንበል፣ ደንበኛው በ60 ቀን ነው የሚከፍለው፣ ወረቀት ላይ አትርፈሻል ግን የጥር ደሞዝ ጥር ላይ ነው የሚከፈለው፣ የየካቲቱም የካቲት ላይ። ስራ በበዛ ቁጥር ደሞ ቀድመሽ የምታወጪው ይበዛል፣ ስለዚህ ትርፋማ ሆኖ በፍጥነት እያደገ ያለ ድርጅት ካሽ አልቆበት ሊዘጋ ይችላል፣ ይሄን ብዙ ጀማሪ አያምንም። ወረቀቱን ከሞላሁ በኋላ ትልቁ ደንበኛሽ ነገ ቢቀር ስንት ወር ትቆያለሽ ብለው ይጠይቁኛል። ይቺ ጥያቄ እንቅልፍ ትነሳለች፣ ብትነሳም ጥሩ ነው። በብድር ጉዳይ ግን ከጋሼ ጋር አንስማማም፣ እሳቸው ብድር የሚባል ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየራል፣ እኔ ደሞ ተፈርሞ ላለቀ ስራ የአጭር ጊዜ ብድር መውሰድ ምንም ክፋት የለውም ባይ ነኝ። ተከራክረናል፣ አሁንም እንከራከራለን፣ ባለመስማማቴ አንድም ቀን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ነገር ግን የሰው አያያዛቸው ነው። ድርጅቱን ሳያስረክቡ በፊት አንድ ቀን ስብሰባቸው ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። የጠረጴዛው ራስ ላይ አልተቀመጡም፣ ጎን ላይ ናቸው፣ መጀመሪያ እንዲናገር የጠየቁት በቅርብ የተቀጠረውን ልጅ ነው፣ እሳቸው መጨረሻ ላይ ነው ያወሩት። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሰው ሃሳቡን አጥፎ ከአለቃው ጋር ይሰለፋላ። መሃል ላይ የሽያጭ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ትልቅ ደንበኛ ኮንትራቱን እንደማያድስ ተናገረ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ጋሼ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና "ቶሎ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አሉ፣ ቀጥለው "እስከ መቼ ጊዜ አለን? ምኑን ማዳን እንችላለን?" የማን ጥፋት ነው የሚል ጥያቄ በዛ ስብሰባ ላይ አልተነሳም። ስንወጣ አላስቻለኝም ጠየቅኳቸው፣ አልተናደዱም እንዴ? "ተናድጃለሁ እንጂ! ግን ዛሬ ብጮህበት ነገ ይደብቀኛል፣ እኔን የሚገድለኝ የተደበቀው ነው" አሉኝ። እኔ አመራር ሲባል ስለ ራዕይ፣ ስለ ስትራቴጂ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እንደዚች ቅፅበት ግን ያስተማረኝ የለም። ሰራተኛ መጥፎ ዜና በስንት ሰዓት ውስጥ ያመጣልሻል? ድርጅትሽ ጤነኛ መሆኑን እዛ ላይ ታያለሽ።

ሰው ሲያሰናብቱም እንደዛው ነበሩ፣ ራሳቸው ቁጭ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ በደብዳቤ ወይ በሌላ ሰው አፍ አይልኩም ነበር፣ የሚገባውን ክፍያ ሳያጓትቱ ይከፍሉ ነበር፣ ከሄደ በኋላ ስሙን በክፉ አያነሱም ነበር።

ሜንተር የሚያስፈልገው ለጀማሪ ብቻ የሚመስላቸውም አሉ። ኤሪክ ሽሚት ጉግልን ሊመራ ሲገባ የጉግል ኢንቨስተር የነበረው ጆን ዶር አሰልጣኝ ያዝ ቢለው እኔ እኮ ልምድ ያለኝ ሰው ነኝ ብሎ ቅር ብሎት ነበር። የተሰጠው ሰው ቢል ካምቤል ነው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1979 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ የነበረ፣ በኋላ ኢንቱይት የሚባለውን የሶፍትዌር ድርጅት የመራ ሰው። ጉግል በ2001 ለኢንጂነሮች ማናጀር አያስፈልግም ብሎ ሲሞክር ካምቤል ያደረገው ቀላል ነገር ነው፣ ኢንጂነሮቹን ራሳቸውን ሄዶ ጠየቀ። እነሱ ደሞ ማናጀር እንፈልጋለን አሉ፣ የምንማርበት ሰው ይኑር፣ ሳንስማማ ስንቀር የሚቆርጥልን ሰው ይኑር። ከዚህ በላይ ስለ አመራር ምን ይባላል ብዬ አስባለሁ፣ ሰው እንዲያድግ ማገዝና መቆረጥ ያለበትን መቁረጥ።

አሁን ወደ ጠየቃችሁኝ ልመለስ፣ ሜንተር እንዴት ይገኛል ላላችሁት። "ሜንተር ይሁኑኝ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ለማታውቁት ሰው ከባድ ጥያቄ ነው፣ እምቢ ባይ ቢበዛ አይገርምም። ታዋቂው ኢንቨስተር ዋረን ባፌት ተመርቆ ሲወጣ ለመምህሩ ለቤንጃሚን ግሬም በነፃ ልስራልህ ብሎት እንኳ አልተቀበለውም። ባፌት አልተቀየመም፣ ጥሩ ናቸው ያላቸውን የአክሲዮን ሃሳቦች እየሰራ መላኩን ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ግሬም ራሱ ቀጠረው። ስለዚህ የሰራችሁትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ገፅ ትበቃለች፣ ችግሩ ይሄ ነው፣ ያሰብኩት ይሄ ነው፣ የተጠራጠርኩት እዚህ ጋ ነው የምትል። ግማሽ ሰዓት ከሰጧችሁ በግማሽ ሰዓት ጨርሱ። ከዛ ደሞ፣ እባካችሁ ይቺን አትርሱ፣ ምክሩን ወስዳችሁ እንዳትጠፉ፣ ምን እንዳደረጋችሁበት ተመልሳችሁ ንገሯቸው፣ ሳትቀበሉት ቀርታችሁ ከሆነም ለምን እንዳልተቀበላችሁት ጭምር። ጋሼ ጋ ብዙ ሰው አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛ የሚመጣው ትንሽ ነው፣ እሳቸው ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለነዛ ነው።