ሎሚውን የሚያከፋፍለው ማን ነው? የአሥር ወር የአስተባባሪነት ትምህርቴ ከሐዋሳ

ባለፈው መስከረም በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ በሚሠራ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ሆኜ ተመደብኩ። ቅዳሜ ጠዋት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን እናስጠናለን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እንጎበኛለን። ስለ ሥራው የማውቀው ራሴ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ያሳለፍኳቸውን ሁለት ክረምቶች ብቻ ነበር። የተረከብኩት አንድ የስም መዝገብና የአዳራሹን ቁልፍ ነው። ይህንን የምጽፈው እንደ እኔ መዝገብና ቁልፍ ብቻ ተሰጥቷችሁ ለጀመራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ ነው።

በመስከረም 31 ሰዎች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቂት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችና ሁለት ጡረተኛ መምህራንም ነበሩ። በታኅሣሥ መጨረሻ መዝገቡን ስቆጥር ሳያቋርጡ የሚመጡት 11 ብቻ ሆኑ። የመጀመሪያው ሐሳቤ የዘመኑ ወጣት ትዕግሥት የለውም የሚል ነበር። እንዲህ ብዬ በስብሰባ ላይም ተናግሬአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ከዚያ የቀሩትን 20 ሰዎች አንድ በአንድ ስልክ ደውዬ ለመጠየቅ ወሰንኩ። 14 አነሱልኝ። የመጀመሪያዋ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበረች። ድምፅዋን ስሰማ ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። እኔ ከወላጆች ጋር ስነጋገር፣ ጠመኔ ስፈልግ፣ ክፍል ስቀያይር ሦስት ጊዜ «አንድ ጊዜ ታገሺኝ፣ እመጣለሁ» አልኳት። አራት ሰዓት ላይ መጥረጊያ አንስታ ግቢውን መጥረግ ጀመረች። አምስት ሰዓት ላይ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሄደች። በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ግቢ መጥረግ ቅር አላለኝም። ግን እኔ ሒሳብ ላስጠና ነበር የመጣሁት፤ እናንተ የምትፈልጉኝ አልመሰለኝም።»

ከ14ቱ የትምህርት ጫና አስቸገረኝ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሁለት ጊዜ የሚሳፈርበት የባጃጅ ክፍያ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነበር፤ ለመናገር ግን አፍሯል። አንዷን የአንድ ልጅ ወላጅ ተቆጥቷት ማንም አላጽናናትም። የቀሩት በተለያየ ቃል አንድ ነገር ነው የነገሩኝ፦ ምን መሥራት እንዳለባቸው፣ የሠሩትም ይጥቀም አይጥቀም የነገራቸው ሰው አልነበረም። የስልኩን ማስታወሻ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በጎ ፈቃድ አልጎደለም፤ የጎደለው የእኔ ዝግጅት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። በየስብሰባው መክፈቻ ይህን ተረት የማይጠቅስ የለም። ሎሚውን ቆጥሮ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የሚያድለው ሰው ግን በተረቱ ውስጥ አይታይም። የእኛ ሥራ ያ ሰው መሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህንን በግልጽ ያሳየኝ ሥልጠና ሳይሆን ዕድር ነው። በጥር የጎረቤታችን እናት ዐረፉ። ዜናው ከተሰማ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ ቆመ። ልብ ብዬ አየሁ፤ የሚጮህ፣ የሚጯጯህ የለም። ዕቃ ቤቱን የያዙት አባት ወንበር ቆጥረው በፊርማ ያስረክባሉ፤ የሸክም ተራ የደረሳቸው ወጣቶች ያወርዳሉ፤ ጸሐፊው የተገኘውንና የቀረውን ይመዘግባል፤ ሴቶቹ የማን ተራ ውኃ መቅዳት፣ የማን ተራ ንፍሮ መቀቀል እንደሆነ ቀድመው ያውቁታል። አዲስ የገባ አባል እንኳ «ምን ልሥራ?» ብሎ አይቆምም፤ ተራው በዝርዝሩ ላይ አለ። ያም ቢሆን ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ማታ ቤት ገብቼ የእኛን ድርጅት ከዚያ ድንኳን ጋር ሳነጻጽረው አፈርኩ።

በማግስቱ ለእያንዳንዱ የበጎ ፈቃድ ሥራ አንድ ገጽ የሥራ መግለጫ መጻፍ ጀመርኩ። የማስጠናቱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ለሦስት የአራተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ታስጠናለህ። ቅዳሜ ከሁለት ተኩል እስከ አራት ተኩል፤ ለ12 ቅዳሜዎች። ስትመጣ ስምህ ያለበትን ፖስታ ከመደርደሪያው ታነሣለህ፤ የዕለቱ መልመጃ ውስጡ አለ። ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻህን አትሆንም። ለወላጅ ገንዘብም ሆነ ቁሳቁስ ቃል አትገባም። ያልገባህን የምትጠይቀው እገሌን ነው።» ለመጻፍ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ለመጨረስ አራት ቀን ወስዶብኛል፤ ምክንያቱም ስጽፍ ነው እኔም ራሴ ሥራውን በቅጡ እንደማላውቀው የገባኝ።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን «ለ12 ቅዳሜዎች» የምትለዋ ሐረግ ናት። ቀድሞ ሰው ሲመዘገብ መቼ እንደሚያበቃ አንነግረውም ነበር። ማብቂያ የሌለው ሥራ ውስጥ የገባ ሰው መውጫው መጥፋት ብቻ ይሆናል፤ ስልክ አለማንሣት፣ መንገድ ላይ ሲያየን መሸሽ። አሁን በ12ኛው ቅዳሜ አመስግነን እናሰናብታለን፤ መቀጠል የፈለገ አዲስ ገጽ ይፈርማል። በጥር ከጀመረው ቡድን ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፈርመው ቀጥለዋል።

ወቅቶቹንም በከተማችን ኑሮ መሠረት ከፋፈልኩ። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሳምንታት ላይ ማስጠናት አንመድብም። ፍቼ ጨምበላላ የሚውልበት ቀን በየዓመቱ አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ የዘመን ቆጠራ አዋቂዎች ከዋክብትን ዓይተው የሚወስኑት ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሁለት ሳምንት ክፍት እንተዋለን፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ አዲስ ዓመት ነው፤ ልጆቹም በጎ ፈቃደኞቹም በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ናቸው። አረጋውያኑን ሁለት ሁለት ሆነን ስንጎበኝ ደግሞ ከሁለቱ ጎብኚዎች አንዱ ሲዳምኛ የሚችል መሆን አለበት። ይህን ደንብ ያወጣነው አንዲት እናት ሕመማቸውን በአማርኛ ለማስረዳት ሲቸገሩ ካየን በኋላ ነው።

በየካቲት አንድ ነፃ የኢንተርኔት ኮርስ ጨረስኩ። ብዙው ክፍል የሚረሳ ነው። ከዚያ ውስጥ የቀረልኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጊል ክላሪና ማርክ ስናይደር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ሰዎች በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉባቸውን ምክንያቶች በስድስት ይከፍሏቸዋል፦ የሚያምኑበትን እሴት ለመግለጽ፣ ለመማር፣ ከሰው ጋር ለመቀራረብ፣ ለሥራ ሕይወት ልምድ ለማግኘት፣ ከራስ ጭንቀት ፋታ ለማግኘት፣ ለራስ ያለን ግምት ለማሳደግ። ሰውየው የመጣበት ምክንያትና ከሥራው የሚያገኘው ነገር ሲገጣጠሙ እርካታው ይጨምራል፤ የመቀጠል ፍላጎቱም እንዲሁ።

እኔ ቀድሞ ሁሉንም «ለምን መጣህ?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው፤ መልሱም ሁልጊዜ «ሕዝቤን ለማገልገል» ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ለምደባ ግን አይረዳም። አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ከሦስት ወር በኋላ ሥራውን ስትጨርሺ ምን አግኝተሽ ብትሄጂ ደስ ይልሻል?» አንዲት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ይህን ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «ሰው» አለች። ከገጠር መጥታ ከሦስት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ፈረቃቸው ስለማይገጥም እርስ በርስ እንኳ አይገናኙም። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለነበር እኔ የመደብኳት ቢሮ ውስጥ ብቻዋን መዝገብ እንድትገለብጥ ነበር! በዚያው ሳምንት ወደ አረጋውያን ጉብኝት አዛወርኳት። አሁን የሚጎበኟቸው እማማ እሷ ካልመጣች ቡናውን አያፈሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከሁሉም የከበደኝ ነው። ከጡረተኛ መምህራኖቻችን አንዱ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ አንዱን ልጅ ጆሮውን ይዘው ሲያስወጡት አየሁ። ልጁን ወዲያው ወስጄ አረጋጋሁት፤ ለእናቱም የሆነውን ነገርኳት። ሰውየው ግን በአባቴ ዕድሜ የሚገኙ፣ አንድ ቅዳሜ እንኳ ያልቀሩ፣ ሳንቲም ያልጠየቁ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ነው የሚያርሙት? ከዚህ ቀደም ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ወይም በስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች» እያልኩ በጎን እናገር ነበር። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን ሻይ አስመጥቼ ለብቻቸው ጠራኋቸው። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ዕለት ልጁን በጆሮው ይዘው ሲያስወጡት አይቻለሁ። እዚህ ልጅ ላይ እጅ ማንሣት አይፈቀድም፤ ለማንም። ከዛሬ ጀምሮ ይህ እንዳይደገም እፈልጋለሁ» አልኳቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ስለዚህም ነው በቀጥታ ለእርስዎ የነገርኩዎት።»

ሻዩን አማሰሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰላቸውን አላቆሙም። ከዚያ አቀርቅረው «ታዲያ ሲረብሹ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የተከለከለውን ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በምትኩ የሚደረገውን ግን ለማንም አላሳየሁም ነበር። እንደገና የእኔ ሎሚ ነው፤ አልታደለም። እዚያው ተቀምጠን ልጅ ሲረብሽ የሚደረጉ አምስት ነገሮችን በጋራ ጻፍን። ሦስቱ የእሳቸው ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ፦ የሚረብሸውን ልጅ ስም ጠርቶ ከመቆጣት ይልቅ አጠገቡ ሄዶ ቆሞ ማስተማሩን መቀጠል። ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ።

ሥልጠናችን የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። በፊት ለአዲስ ገቢዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ድርጅቱ ታሪክና ዓላማ እናገር ነበር። አሁን ዓላማውን በአሥር ደቂቃ እጨርሳለሁ፤ የቀረው ልምምድ ነው። አንዱ ረባሽ ልጅ ይሆናል፣ አንዱ ያስጠናል፤ አንዷ ገንዘብ የሚጠይቁ አዛውንት ትሆናለች፣ ሌላዋ ቃል ሳትገባ በአክብሮት ትመልሳለች። ለአረጋውያን ጎብኚዎች የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ ሦስቱን ምሰሶዎች እናስለምዳለን፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳው አካል ጋር ማገናኘት። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ሰው ይቸኩላል፤ መፍትሔ ካልሰጠ የረዳ አይመስለውም። ሁለተኛው ላይ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥን ስናለማምድ ብዙዎቹ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቻሉም። ምክር አፋቸው ላይ ነው። ለዚህ ነው ልምምዱን ሁለት ጊዜ የምንደግመው።

ስለ ባጃጁ ገንዘብም ልናገር። አለቃዬን ለማሳመን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አነበብኩ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ለበጎ ፈቃደኞች በጀት ለመያዝ የሚፈሩትም ይህን ጣሪያ እያሰቡ ነው። እኔ ያቀረብኩት ክርክር በጎ ፈቃደኛው የሚሄደው አረጋዊቷ ቤት ነው፤ ጉዞው ራሱ የፕሮጀክቱ ሥራ ነው የሚል ነበር። ሒሳብ ሹማችን ተስማማች፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የመጓጓዣ ወጪ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ተካቷል። ማንም ሰው አፍሮ እንዳይተው ገንዘቡን ሁሉም በፖስታው ውስጥ ያገኘዋል፤ ያልፈለገ ይመልሳል።

ምስጋናንም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ኅዳር 26 ቀን የተባበሩት መንግሥታት በ1985 እ.ኤ.አ. የሰየመው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ነው። ባለፈው ኅዳር ለሁሉም አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት አተምን፤ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነበር። በሰኔ ግን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለአንዱ እንዲህ ብዬ፦ «ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት በ17 ቅዳሜዎች ተገኝተሃል። አንተ ያስጠናሃቸው ሦስት ልጆች ክፍልፋይ መደመር አይችሉም ነበር፤ አሁን ይችላሉ።» ይህን ለመጻፍ መዝገቡ በትክክል መያዝ ነበረበት፤ ስለዚህ ደብዳቤው እኔንም ሥራ አስተማረኝ። ወጣቱ ደብዳቤውን ከሥራ ማመልከቻው ጋር እንዳያያዘው ነግሮኛል።

አሁን ሐምሌ ነው። በመዝገቡ ላይ 26 ሰዎች አሉ፤ ያለፈው ቅዳሜ 22ቱ ተገኝተዋል። ገና ያልቻልኩት ነገር አለ፦ ለሥራው የማይሆንን ሰው በክብር ማሰናበት አሁንም ያስፈራኛል፤ የእናንተን ልምድ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ያቺን የሒሳብ ተማሪም በግንቦት መልሼ ደውዬላት ነበር፤ ተመርቃ ወደ ቤተሰቦቿ ልትመለስ ዕቃ እያሰረች እንደሆነ ነገረችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

በሚመጣው ቅዳሜ የክረምት በጎ ፈቃደኞችን እንቀበላለን። ልምምዱን የሚመሩት ጋሼ ናቸው። ፖስታዎቹ ዛሬ ማታ ተዘጋጅተው መደርደሪያው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስማቸውን ጽፌ ጨርሻለሁ።