አንድ ክር ወደ ቀኝ

ሥራህ ምንድነው ስባል ሁሌም እቸገራለሁ። ሆላንድ ውስጥ ሃርፕሲኮርድ እናከራያለን። በትክክል ለመናገር የሚያከራዩት አለቃዬ ናቸው። እኔ ተሸካሚም፣ ሹፌርም፣ ቃኚም ነኝ። እናቴ በስልክ "ያው የፒያኖ ነገር ነው አይደል?" ትለኛለች። "ያው ነው እማ" እላታለሁ። ያው አይደለም። ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታል፤ ሃርፕሲኮርድ እንደ ክራር ይገርፋል። ይህን አስረዳለሁ ብል ግን ወጧ ያርርባታል።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጥፋቱ የኔው ስለሆነ በነፃነት አወራዋለሁ።

የካቲት ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በጡብ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አርብና ቅዳሜ ሁለት የተለያዩ ኮንሰርቶች ነበሩ። ለሁለቱም ሃርፕሲኮርዱ የኛ ነው። የቅዳሜው ዋና ሥራ የአሌሳንድሮ ማርቼሎ የኦቦ ኮንቼርቶ ነበር፣ ሬ ሚነር፤ ኦቦ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ነው፣ ኮንቼርቶ ደግሞ አንድ ሰው ከኦርኬስትራ ጋር ሶሎ የሚጫወትበት ሥራ። ቬኒሳዊው ማርቼሎ የጻፈው ይህ ኮንቼርቶ በ1717 ገደማ በፈረንጅ አቆጣጠር አምስተርዳም ታተመ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ ወዶት ለኪቦርድ ብቻ አድርጎ ገልብጦታል። መሀሉ ላይ ያለውን ዝግተኛ ክፍል፣ ስሙን ባታውቁትም፣ አንድ ቦታ ሳትሰሙት አትቀሩም።

ሐሙስ ማታ መልእክት ገባልኝ። ሶሎ የሚጫወተው ሰው ታሟል። በእሱ ፋንታ አንዲት የኦርኬስትራ ተጫዋች ዘመናዊ ኦቦዋን ይዛ ትመጣለች። ቫዮሊን ተጫዋቾቹም ዘመናዊውን ቫዮሊናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቀስቱ ብቻ የድሮው ዓይነት ይሆናል። "ስለዚህ በ415 ሳይሆን በ442 ነው የምንጫወተው" ይላል።

ቁጥሩን ላስረዳ። መካከለኛው "ላ" በሰከንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል ነው ነገሩ። የዛሬ ኦርኬስትራ 440 ወይም 442 ላይ ይቃኛል። በድሮ መሣሪያ የሚጫወቱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 415 ላይ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው። ቫዮሊን ክሩን ያጠብቃል ያላላል እንጂ እንጨት እንደዚያ አይሆንም። የተቦረቦረው ተቦርቡሯል። የኛ አገር ዋሽንት ነፊ ርዝመታቸው የሚለያይ ዋሽንቶችን አስሮ የሚዞረው በከንቱ አይደለም።

መልእክቱን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ንቀት ነው። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይህ ነው። አለቃዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለድሮው መሣሪያ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ እሳቸው ዘንድ አራት ዓመት ሠርቼ ከእሳቸው ብሼ ነበር። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ። የባሮክ፣ ማለትም የነማርቼሎና የነባኽ ዘመን፣ ኦቦ ቢጫ የቦክስውድ እንጨት ነው። ከቁልፍ ሁለት ወይም ሦስት ቢኖረው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጣት ነው። "ፋ"ን ለማውጣት ጣቶችህን ታጠላልፋለህ፣ ድምፁም ጋቢ የተከናነበ ያህል ድፍን ብሎ ይወጣል። ዘመናዊው ኦቦ ጥቁር ነው፣ ከላይ እስከ ታች በብር ቁልፍ የተሸፈነ፣ ድምፁ ሁሉ እኩል የሚያበራ። በዚህ ማርቼሎን መጫወት ለኔ በነጠላ ላይ ከረባት ማሰር ነበር። ይህንንም ለቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ሳይቀር ነግሬዋለሁ። ሰውየው አልጠየቀኝም።

አሁን ወደ ስንፍናዬ እንምጣ።

ለአርቡ ኮንሰርት ሃርፕሲኮርዱን በ415 አሳምሬ ቃኝቼው ነበር። አድሮም ቅኝቱን አልለቀቀም። የዛሬ ሃርፕሲኮርዶች ብዙዎቹ አንድ ብልሃት አላቸው። ከኪቦርዱ በስተቀኝ ጣት የምታህል እንጨት አለች። ታወጣታለህ፣ ኪቦርዱን ወደ ቀኝ ትገፋዋለህ፣ እንጨቷን በግራ በኩል ትሸጉጣታለህ። እያንዳንዱ ቁልፍ አሁን የጎረቤቱን ክር ይገርፋል። 415 የነበረው 440 ሆነ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በአዲስ መልክ ልቃኝ ብል ግን ሁለት ረድፍ ክር አለ፣ በድምሩ ከመቶ በላይ። ጣቴ ደግሞ በብርድ ደንዝዟል።

ገፋሁት። ታዲያ 440 እንጂ 442 አይደለም። ሁለት ኸርዝ፣ በሰከንድ ሁለት ርግብግብታ፣ ማን ይሰማል ብዬ አሰብኩ። ኦቦ "ላ" ስትሰጥ እንዳላፍር ግን "ላ"ዎቹን ብቻ፣ ከታች እስከ ላይ፣ እየዞርኩ ወደ 442 ከፍ አደረግኳቸው። በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ ቀለም የተቀባ ቤት ታውቃላችሁ? እሱን ሠራሁ። ከዚያ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ልምምድ ተጀመረ። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ኦቦዋን እንደ አራስ ልጅ ካፖርቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው የገባችው። ቀዝቃዛ እንጨት ውስጥ ትኩስ ትንፋሽ ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። (ያ ጥቁር እንጨት በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው የሚመጣው። እኔና ኦቦው የአንድ አህጉር ልጆች ነን ማለት ነው። በዚያን ሰዓት ግን ዝምድናው አልታየኝም።) "ላ" ሰጠች። ሃርፕሲኮርዱ "ላ" መለሰ። ልክክ ያለ ግጥምጥም። ደስ አለኝ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ሬ ሚነሩ እንደምንም ሄደ። ወደ "ፋ" ሜጀር ሲሻገሩ አፏ ላይ የነበረውን ኦቦ አወረደች።

"ይቅርታ" አለችና ወደ ሃርፕሲኮርዱ ዞረች። "ፋ ሜጀር ብቻህን ስጠኝ።"

ተጫዋቹ ባቡር ዘግይቶበት መሣሪያውን ሳይሞክር ነበር የተቀመጠው። ሦስቱን ድምፆች አንድ ላይ ነካ። የተበላሸ ወተት የቀመሰ ሰው ፊት አይታችኋል? ሁሉም እንደዚያ ሆኑ። ከኋላ አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች ሳቋ አመለጣት።

ሴትዮዋ እኔን ፈለገችኝ። "ቅኝቱ ምንድነው?"

"ቫሎቲ" አልኩ።

"አሁን ነው የቃኘኸው ወይስ አንሸራተህ ነው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። "ዘመናዊ" ብዬ የናቅኳት ሰው፣ ለአራት ዓመት የእንጀራዬ የሆነውን ነገር በአንድ ጥያቄ ያዘችው።

የሆነው ይህ ነው። ክራር ትዝታ ላይ ተቃኝቶ ባቲ ልጫወትበት ብትሉ እሺ አይላችሁም፤ አንዳንድ ክሮች መነካት አለባቸው። የባሮክ ዘመን ቅኝትም አሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል አያካፍልም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በፓዶቫ የነበረው ቄስና ሙዚቀኛ ፍራንቼስኮ አንቶኒዮ ቫሎቲ የሚታወቅበት ቅኝት ብዙ የምንጠቀምባቸውን እንደ ዶ፣ ፋ እና ሶል ያሉትን ሜጀሮች ያለሰልሳል፣ ሻካራውን ድርሻ ብዙም ወደማይነኩት እንደ ፋ ዲየዝና ዶ ዲየዝ (ዲየዝ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) ወዳሉት ይገፋል። ኪቦርዱን አንድ ክር ስገፋው ለስላሳው "ፋ" ሻካራው "ፋ ዲየዝ" ቦታ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ላይ "ላ"ን ብቻ ለይቼ ከፍ አድርጌዋለሁ። ከፋ እስከ ላ ያለው ርቀት ከንጹሑ ርቀት በግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ተለጥጦ ነበር። አሳምሬ የሸፈንኳት አንዷ ድምፅ ናት ይበልጥ ያሳጣችኝ።

ልምምዱ ተቋረጠ። ሙዚቀኞቹ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እኔ መቃኛ ቁልፌን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ጥበቃው ማሞቂያውን እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት። ሲሞቅ የብረት ክር ይላላና ድምፁ ይወርዳል፤ ኦቦው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ደግሞ ድምፁ ይወጣል። ሁለቱ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። አርባ አምስት ደቂቃ በዚያ ብርድ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ከሥር ጀምሬ በ442 ቃኘሁት። ኮንሰርቱን ሊያዩ የመጡት ሽማግሌዎች ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። አንዲት ባልቴት ጓንታቸውን አጥልቀው ነው እስከ መጨረሻው ያጨበጨቡት።

መሀል ላይ ለአለቃዬ ደወልኩ። እንደማመሽ ልነግራቸው ነበር። አንደበቴ ግን ሌላ ነገር ጨመረ። "ዘመናዊ ኦቦ አምጥተው ነገሩን ሁሉ አበላሹት" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ "ማርቼሎ የየት አገር ሰው ነው?" አሉኝ።

"የቬኒስ።"

"ቬኒስ 415 ላይ ትቃኝ ነበር ያለህ ማነው?"

መልስ አልነበረኝም። የታላቁ ፍሬድሪክ የፍሉት መምህር የነበረው ክቫንትስ በ1752 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘመኑ ከፍተኛው ቅኝት የቬኒስ እንደሆነ፣ የሮም ደግሞ ቀድሞ ዝቅተኛ እንደነበር ጽፏል። ከዚያ ዘመን የተረፉት የቬኒስ መሣሪያዎችም ወደ ዛሬው 440 የተጠጉ ናቸው። 415 የሃያኛው ክፍለ ዘመን ስምምነት ነው። ከ440 ልክ ግማሽ ድምፅ ስለሚያንስ ለኛ ዓይነቱ ኪቦርድ አንሸራታች ይመቻል። በሌላ አነጋገር "ትክክለኛው የድሮ ቁጥር" እያልኩ ስኩራራበት የኖርኩት ነገር በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አይበልጥም። ለማርቼሎ ጆሮ የዚያች ሴትዮ 442 ከኔ 415 ይቀርበው ነበር።

"ቃኝ እንግዲህ" ብለው ዘጉት።

ኮንሰርቱ ተጀመረ። እኔ ከምሰሶ ጀርባ ነበርኩ። ዝግተኛው ክፍል ላይ ቫዮሊኖቹ ተመሳሳይ ድምፅ ቀስ እያሉ እየደጋገሙ ገቡ፣ ኦቦዋም ከላይ መጣች። የታተመው ዜማ ባዶ አጥንት ነው። ሥጋውን የሚያለብሰው ተጫዋቹ ነው፤ የዘመኑ ልማድ እንደዚያ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጫወተው ባኽ ለኪቦርድ ሲገለብጠው የጨመረውን ጌጥ ነው። ያ ያምራል፣ ግን የባኽ ነው። እሷ በልምምዱ አንድ ጌጥ ጨምራ ነበር። በኮንሰርቱ ያንን ትታ ሌላ አመጣች። ድምፁን ማርገብገብ እጅግ ቆጥባ ነበር፤ አንድ ረጅም ድምፅ መጨረሻው ላይ ብቻ። ሐረጎቹን እንደሚናገር ሰው ትቆርጣቸው ነበር። እነዚያን በቢጫ እንጨት የሚጫወቱትን፣ የማደንቃቸውን ሰዎች አስታወስኩ። ከእነሱ ሁለቱ የባኽን ጌጥ ነጥብ በነጥብ፣ በእያንዳንዱ ኮንሰርት ሳይለውጡ ሲጫወቱት ሰምቻለሁ።

አሁንም ቢሆን የቢጫውን እንጨት ድምፅ እመርጣለሁ። ያቺ የተከናነበች "ፋ" ትናፍቀኛለች፤ ብሩ ቁልፍ አይሰጣትም። ይህን አልለወጥኩም።

ሲያበቃ ሃርፕሲኮርዱን በብርድ ልብስ እየጠቀለልኩ ሳለ ሴትዮዋ መጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት። "በወጣትነቴ የባሰ ሠርቻለሁ" አለች፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ታዲያ ለምን የባሮክ ኦቦ አልያዝሽም አልኳት።

"ቤቴ አለ። ሪድ የለኝም።" ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ ቢላዋ አሳየችኝ። ሪድ ማለት ኦቦው አናት ላይ ተሰክቶ የሚነፋበት ቀጭን ሸምበቆ ነው፤ ራሷ እየፋቀች ነው የምትሠራው። የባሮኩ ሰፋ ያለ ነው፣ አፍ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። "ሐሙስ ማታ ተደውሎልኝ ለቅዳሜ የሚሆን ሪድ ከየት ላምጣ? ያልደረሰ ሪድ ይዤ ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ከምሄድ፣ የማውቀውን ይዤ ብመጣ ይሻላል ብዬ ነው።"

ይህን እያለች አንድ ሽማግሌ ቀረቡን። እጇን ጨብጠው "የድሮው ኦቦ ድምፅ እኮ ልዩ ነው! ከዛሬው ጋር አይገናኝም" አሏት። ጥቁሩ ኦቦ በሳጥኑ ውስጥ አፉን ከፍቶ፣ ቁልፎቹ እያብለጨለጩ፣ እፊታቸው ተኝቷል። አመሰገነቻቸውና ክዳኑን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ቫኑን ከማስነሳቴ በፊት እደውላለሁ። ቁጥሩን፣ ቅኝቱን፣ ነፊው ማን እንደሆነና ምን ይዞ እንደሚመጣ እጠይቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ አዘጋጅ ዘንድ ደወልኩ።

"ቅኝታችሁ ስንት ላይ ነው?"

"ባሮክ ነው" አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

"የትኛው ባሮክ?"

ስልኩ ውስጥ ፀጥታ ሆነ። "ቆይ" አለ፣ "ልጠይቅልህ።"