ከእማዬ ጠጅ ጎን፦ ለገና ኮክቴል ስሠራ የተማርኩት

እኛ ቤት የገና መጠጥ ጠጅ ነው። እማዬ ኅዳር ላይ ትጥላለች፣ ታኅሣሥ 29 ይቀዳል፣ የተረፈው ለጥምቀት ይቆያል። ይህ አልተለወጠም፣ እንዲለወጥም አልፈልግም። እኔ ያደረግኩት ከጠጁ ጎን ሌላ ነገር ማስቀመጥ ነው። የገና ዕለት ማታ ለሚሰበሰበው ቤተሰብና ጎረቤት ኮክቴል መሥራት ከጀመርኩ አምና ሦስተኛ ዓመቴን ደፈንኩ።

የመጀመሪያውን ዓመት ሳስብ ትዝ የሚለኝ ወጥ ቤቱ ነው። 14 ሰው ሳሎን ተቀምጦ ይጫወታል፣ እኔ ብቻዬን ቆሜ ሼከር፣ መጠጥ ከበረዶ ጋር የሚናጥበትን ዕቃ፣ እንጣለሁ። ከስልኬ ላይ የጻፍኩት አሠራር ሁሉ ለአንድ ብርጭቆ ነበር። አንዱን ሠርቼ ስሰጥ ሌላው ይጠብቃል። አሥራ አራተኛው ሰው ሲደርሰው የመጀመሪያው ጨርሶ "ድገመኝ" ይላል። በረዶዬ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። ጀርመን የምትኖረው እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ለበዓል መጥታ ነበር። ያን ማታ ያወራነው እሷ በር ተደግፋ፣ እኔ በሻማ ሎሚ እየጨመቅኩ ነው። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላም ጥፋት ነበረ። ወንድሜ ሌሊቱን ቅዳሴ አድሮ ቀኑን ተኝቶ ነው የመጣው። ምንም አልቀመሰም ነበር። እኔ በደስታ በር ላይ ብርጭቆ አስጨበጥኩት። መጠኑን ደግሞ በዓይኔ ነበር የቀዳሁት። ግማሹን እንደጠጣ ራሱን አዞረው፤ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ እሱ ጋደም ብሎ ነበር። 43 ቀን የጾመ ሆድ እንደ ሌላ ቀን ሆድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሰው ሳይበላ አልኮል አይቀዳም። በር ላይ የምሰጠው አልኮል የሌለውን ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጾሙ ሌላ ነገርም አስተማረኝ። ኮክቴል የሚለማመድ ሰው መቅመስ አለበት። ጾመ ነቢያት ግን ኅዳር 15 ይገባል፣ እኔ ደግሞ በጾም አልጠጣም። ስለዚህ ልምምዱን ወደ ጥቅምት አመጣሁት። ጥቅምት ላይ እሠራለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ልኩን በሚሊ ሊትር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ገና ሲደርስ ደብተሩን ማየት ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ለገና የሚወዱትን የወተትና የእንቁላል መጠጥ ግን ተውኩት። ጥሬ እንቁላል ለሽማግሌና ለሕፃን መስጠት ልቤ አልፈቀደም። አብስሎ መሥራት ይቻላል፣ ግን ዓመት በዓል ላይ እሳት ዳር የምቆምበት ጊዜ የለኝም።

መለኪያ ቸግሮኝ ነበር። የቡና ቤት መለኪያ ፈልጌ ሳጣ፣ ከፋርማሲ አዲስ የሕፃን ጡጦ ገዛሁ። በየ10 ሚሊ ሊትሩ መስመር አለው። እስከ ዛሬ የምሠራው በሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚወድልኝ ጂን፣ ማርና ሎሚ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ነው፣ ግን ሦስቱም አስቸግረውኛል።

ማሩን በቀጥታ ጂኑ ውስጥ ከጨመራችሁት፣ በረዶ ሲነካው ይጠጥርና ሥር ይቀመጣል። ላዩ ይመራል፣ ታቹ ይጣፍጣል። መፍትሔው እማዬ ለልጆች ከምታዘጋጀው ብርዝ የተገኘ ነው። አንድ ኩባያ ማር በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ አሟሟለሁ። የፈላ ውሃ አያስፈልግም፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል፣ የማሩም መዓዛ አይጠፋም። ከብርዝ ይወፍራል፣ ከማር ይቀጥናል። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት በደንብ ይቆያል። ነጭ ማር ካገኘሁ እሱን እመርጣለሁ፣ የሎሚውን ሽታ አይሸፍነውም። የጫካ ማር ጠንከር ይላል። መጥፎ አይደለም፣ ግን ጂኑ ይጠፋል።

ሎሚው ላይ የተሳሳትኩት ከውጭ የተጻፈ አሠራር አምኜ ነው። እነሱ ሎሚ የሚሉት ትልቁን ቢጫ ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚ ሌላ ናት፣ በጣም ትኮመጥጣለች። 25 ሚሊ ሊትር ሲሉ 25 አደረግኩ፣ ጥርስ የሚያጠርስ ነገር ሆነ። አሁን ለአንድ ብርጭቆ 18 ገደማ ነው የማደርገው። አጥብቄም አልጨምቃትም። ልጣጯ ሲደቆስ ምሬቱ አብሮ ይወርዳል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሼከር ውስጥ በረዶው መጠጡን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ይቀልጥበታል። የሚወጣው መጠጥ ከአራት ወይም ከአምስት እጅ አንዱ ያህሉ ከበረዶው የመጣ ውሃ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው ያንን ውሃ በእጁ መጨመር አለበት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሼከሩ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ለ10 ሰው የምሠራው እንዲህ ነው። በዋዜማው 500 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 250 የማር ውሃ፣ 250 ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ላይ አደርጋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ማታ፣ ሰው እጁን ሲታጠብ፣ 180 ሚሊ ሊትር ሎሚ ጨምቄ እቀላቅላለሁ። ሎሚው ካደረ ጣዕሙ ይሞታል። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የሚገባው።

ፍሪጅ ያልኩት ፍሪዘር አይደለም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ይበልጥ ይቀዝቅዝልኝ ብዬ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልቼ ፍሪዘር ከተትኩት። ሲነጋ ጠርሙሱ ተሰንጥቆ፣ መጠጡ በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ጂን ብቻውን 40 በመቶ ገደማ አልኮል ስላለው ቤት ውስጥ ባለ ፍሪዘር አይረጋም። ውሃና ማር ሲገባበት ግን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፣ ያኔ ይረጋል። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጂን በገና ጠዋት ደፋሁ። ሱቅ ከፍቶ የነበረው አንድ ብቻ ነው፣ ዋጋውም የበዓል ዋጋ ነበር።

በረዶውንም የምሠራበት መንገድ ተለውጧል። በትንሹ ቅርጽ የተሠራው ቶሎ ያልቃል። አሁን በዓሉ ሳምንት ሲቀረው በፕላስቲክ ሣህን ትልልቅ አድርጌ አረጋለሁ። ትልቁ በረዶ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው። መብራት ቢጠፋም ሰዓታት ይቆይልኛል፤ ጆግ ውስጥ አንዱን መጣል ይበቃል።

አንድ ዘመዴ ለጂኑ ለምን ገንዘብ ታወጣለህ፣ አረቄ ተጠቀም ብሎኝ ነበር። አረቄ እወዳለሁ። ግን ቤት የወጣ አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ዳግም፣ ማለትም ሁለቴ የወጣ፣ ከሆነ ደግሞ በጣም ይከብዳል። ልኩን የማላውቀውን ነገር ማርና ሎሚ ሸፍኖት ለሰው አልሰጥም። አረቄ ለሚፈልግ በመለኪያው ለብቻው ይቀዳለታል። ምን እየጠጣ እንደሆነ ያውቃል።

የእኔ ልብ ያለው ግን ትኩሱ ወይን ላይ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው እህቴ ናት። ጀርመን በገና ሰሞን አደባባይ ላይ የገና ገበያ ይቆማል፤ ግሉቫይን የሚሉትን ትኩስ ቀይ ወይን ሰው በኩባያ ይዞ እየጠጣ ይሞቃል። "ስጠጣው የእማዬ ሻይ ነው የሚሸተኝ" አለችኝ። ቀረፋና ቅርንፉድ ስላለው ነው። የታኅሣሥ ማታ እዚህም ቀላል አይደለም፣ አጥንት ይገባል። ለምን አልሞክረውም አልኩ።

የምጠቀመው ጉደር ነው። አክሱሚት ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ማር ሲጨመርበት ይበዛል። ለሁለት ጠርሙስ ጉደር ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ 6 ፍሬ ቅርንፉድ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ዝንጅብል። ከዚያ የራሳችን ኮረሪማ፣ 3 ፍሬ፣ ለቀቅ እንዲል ብቻ በትንሹ ተወቅጦ። ኮረሪማው ነው የሀገር ቤት ጠረን የሚሰጠው። በሄል ሞክሬዋለሁ፣ ሻይ ሻይ አለኝ። ቅርንፉዱን ደግሞ አታብዙት። መጀመሪያ ላይ በእፍኝ ጨምሬ ቤቱ የጥርስ ሐኪም ክፍል ሸተተ። አለምክንያት አይደለም፣ የቅርንፉድ ዘይት ለጥርስ ሕክምና ያገለግላል።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ቅመሙን ከነወይኑ አላፈላም። በመጀመሪያ በአንድ ኩባያ ውሃና በ4 ማንኪያ ማር ለ15 ደቂቃ አንተክትኬ፣ ጠረኑ ሲወጣ እሳቱን እቀንሳለሁ። ከዚያ ነው ወይኑ የሚገባው። እንፋሎት ሲያሳይ ይወርዳል፤ አረፋ ካወጣ አልፏል። አልኮል ባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ ራሱ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ከውጭ ከተጻፈው ደቂቃ ቀድማችሁ ድስቱን ማየት አለባችሁ።

ከወረደ በኋላ በወንፊት አጥልዬ ፔርሙዝ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። እንደገና ማሞቅ ቀረ። ቅመሙ ውስጥ ቆይቶ መምረር ቀረ። የቡና ስኒ ደርድሬ ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሰው ራሱ ይቀዳል። እኔም እቀመጣለሁ።

አሁን አልኮል ወደሌለው ልመለስ። ብዙ ጋባዥ ለሚጠጡት ይጨነቅና ለማይጠጡት ለስላሳ ይከፍታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ ለእማዬ እንደ እህት ናቸው። በየገናው ይመጣሉ፣ ቡና ብቻ ጠጥተው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ለእሳቸው ብዬ ከርከዴ ሠራሁ። ሁለት እፍኝ ከርከዴ በ2 ሊትር ውሃ፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተቀጥቅጦ፣ ቀረፋ። አጥልዬው ለብ ሲል ማር። ግማሽ ብርጭቆ ከሱ፣ ግማሽ አምቦ ውሃ። አምቦው የሚጨመረው ብርጭቆው ላይ ነው። ጆግ ውስጥ ከገባ ጋዙ ይወጣና ይሞታል። ጆጉና ጭልፋው አልኮል ነክቶት የማያውቅ፣ ለብቻው የተቀመጠ ነው። ይህንን አስቀድሜ ነገርኳቸው። "አንተ ልጅ፣ ይህንን ለእኔ ብለህ?" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስቀዱ። አሁን በር ላይ የምቀዳው ይህንን ነው፤ ለልጆቹም፣ መኪና ለሚነዳውም፣ ላልበላውም። ልጆቹ በብርሌ ካልሆነ አይሉም። የእህቴ ልጅ ብቻ ዓመት ስላልሞላት ማር ያለበት ነገር አይሰጣትም።

እማዬ ሦስቱንም ዓመት ዝም ብላ ስታይ ነበር። ጠጇ እንዳይደፈር ፈርታለች። እኔም ጠጁ ውስጥ በረዶ አልጨምርም፣ አልቀላቅለውምም። አምና ግን ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ጠራችኝ። "ያንን ቀዩን፣ ወይን የሌለበትን፣ ትኩስ አድርገህ ለከተራ ሥራልኝ" አለችኝ። ጥር 10 ጃን ሜዳ ታቦቱ ባለበት ስታድር ብርዱ ይጎዳታል፤ ጉልበቷ አይችልም። ወይን የገባበትን ፔርሙዝ አጥቤም አልሰጣት፣ አዲስ ገዛሁ። ዝንጅብሉን እጥፍ አደረግኩ፣ ማሩን ቀነስኩ፣ አምቦውን ተውኩ። ሲነጋ ልቀበላት ስሄድ ፔርሙዙ ባዶ ነበር። አጠገቧ ያደሩት እናቶች አሠራሩን ጠየቁኝ፣ እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው።