ከበሩ መዝገብ እስከ ፋይሉ፦ በማሳደጊያ ስለሚያድጉ ልጆች ጥናቴን እንዴት ሠራሁት

ከወላጆቻቸው ተለይተው በመንግሥት እጅ ስለሚያድጉ ልጆች ጥናት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ማሳደጊያ መጥፎ፣ ቤተሰብ ጥሩ። እኔ ለመመረቂያ ጽሑፌ ርዕሱን ስመርጥ መጀመሪያ የፈለግኩት ይህን መልስ የሚያስቸግር ጥናት ነበር። አገኘሁም።

መልሱን ከሚደግፉት እንነሳ። በጣም የታወቀው በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተሠራው ነው። የሮማኒያው ገዢ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱ ውስጥ ከ100,000 በላይ ልጆች በመንግሥት ማሳደጊያዎች ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና በቡካሬስት ማሳደጊያዎች 136 ሕፃናትን ይዘው ጥናት ጀመሩ። በዕጣ ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ ተቀብሎ ቤቱ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ ሄዱ፣ ግማሾቹ በነበሩበት አያያዝ ቀጠሉ። ቁም ነገሩ ዕጣው ላይ ነው። ዕጣ ባይኖር ጤነኛውና ሳቂታው ልጅ ቶሎ ቤተሰብ ያገኛል። ከዚያ የረዳው ቤተሰቡ ነው ወይስ ልጁ ድሮም ደህና ነበር? መለየት አይቻልም። በ54 ወራቸው ሲለኩ አደራ ቤተሰብ የደረሳቸው ልጆች አማካይ አይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤት) 81፣ የሌሎቹ 73 ገደማ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ከሌሎቹ የተሻለ አገገሙ።

በሕፃናት ላይ ዕጣ መጣል ልክ ነው ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አጥኚዎቹ በከተማው የአደራ ቤተሰብ አሠራር ያኔ ከነጭራሹ የለም በሚባል ደረጃ ነበር፣ ከማንም የነጠቅነው ነገር የለም ይላሉ። እኔን ያሳምነኛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

አሁን ወደሚያስቸግረው። ካትሪን ዌተንና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት ጥናት ካምቦዲያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ይሸፍናል። ወላጅ የሞተባቸው ወይም የተጣሉ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን አነጻጸሩ፤ አንዱ ወገን ማሳደጊያ ያለ፣ ሌላው በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚኖር። በጤናም፣ በትምህርት አቀባበልም፣ በስሜትም የማሳደጊያዎቹ ልጆች የባሱ ሆነው አልተገኙም። ይህን ጥናት ብዙዎች ዝም ብለው ያልፉታል። አንዳንዶች ደግሞ ለቡካሬስቱ ማፍረሻ ያደርጉታል። ሁለቱም ስንፍና ይመስለኛል።

ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ ሳነባቸው ሁለቱ ጥናቶች አልተጋጩም። አንደኛው ስለ ጨቅላዎች ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ደጋግሞ እንዲያነሳቸው በሚፈልጉበት ዕድሜ ላይ ያሉ። ሁለተኛው ለትምህርት ስለደረሱ ልጆች ነው። የመጀመሪያው ማሳደጊያውን ያነጻጸረው ተመርጦ፣ ክፍያና ክትትል ካለው አደራ ቤተሰብ ጋር ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ሳይደራጅላቸው በየሰፈሩ ከሚያድጉ ልጆች ጋር። በዚያ ላይ ማሳደጊያ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዲት ሞግዚት ለአራት ልጆችና አንዲት ሞግዚት ለሃያ ልጆች ሰማይና ምድር ናቸው። ስለዚህ «ማሳደጊያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» የሚለውን ጥያቄ ጣልኩት። በምትኩ አራት ያዝኩ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር ሲገባ? ለምን ገባ? ያኔ ሌላ ምን አማራጭ ነበረ? ከገባ በኋላ ውሳኔውን ተመልሶ ያየው አለ?

ስለ ቁጥር በአጭሩ። በማሳደጊያ ስላሉ ልጆች በ2020 ከላንሴት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ላይ የወጣው ግምት ከ3 ሚሊዮን እስከ 9 ሚሊዮን ይዘረጋል። ዩኒሴፍ 2015 ላይ ወላጅ አልባ ሲል የቆጠራቸው ደግሞ 140 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ እናትም አባትም የሞቱባቸው ግን 15 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ማን እንደተቆጠረ ሳትጽፉ ቁጥር ብቻ ጣል አታድርጉ።

ከዚያ በማሳደጊያ ወደሚቀመጡት የልጆቹ ፋይሎች ገባሁ። ፈቃዱ ዘገየ፤ እሱን ልለፈው። ፋይል የምታነቡ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ እንዳያታልላችሁ። እሱ ሁልጊዜ በደንብ ይሞላል፤ ማኅተም አለው፣ ፎቶ አለው። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ናቸው የሚሳሱት። እኔ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ሠርቼ ቀኖቹን ብቻ አሰፈርኩ፤ የገባበት፣ ሶሻል ወርከር ያየበት፣ ቤተሰብ የተፈለገበት። ባዶው ቦታ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። በመንግሥት ውሳኔ የተቀመጠ ልጅ ሁኔታ በየጊዜው እንዲታይ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 ይጠይቃል። ባዶው ቦታ ይህ አንቀጽ ያልተፈጸመበት ጊዜ ነው።

የመግቢያ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ «ችግረኛ»፣ «የተጣለ»፣ «ጠያቂ የሌለው»። ይህን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ቀላል ነው፣ ግን የጸሐፊውን አስተያየት እንደ መረጃ መውሰድ ነው። ሌላ ምንጭ ፈለግኩ። ያገኘሁት በር ላይ፣ የዘበኛው የጎብኚዎች መዝገብ ውስጥ ነበር። ፋይሉ ጠያቂ የለውም ያለውን ልጅ አክስቱ በየወሩ እየመጣች ትጠይቀዋለች። ፊርማዋ አለ። ዘበኛው በስም ያውቃታል። ቢሮው ግን አያውቃትም፤ ምክንያቱም መዝገቡን ከፋይሉ ጋር የሚያገናኝ ሰው የለም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር አንድ ልጅ ላይ ብቻ አልነበረም። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 በማሳደጊያ ካሉ ከአምስት ልጆች ቢያንስ አራቱ እናት ወይም አባት በሕይወት አላቸው ብሎ ነበር። የበሩን መዝገብ ካየሁ በኋላ ይህ አልገረመኝም። በዚያው ዓመት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰብ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን ይላል። «ችግረኛ» ተብሎ የተሞላ ፎርም ከዚህ መመሪያ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

ቃለ መጠይቅ ያደረግኩት ልጆቹን አይደለም። እዚያ አድገው የወጡ ትልልቅ ሰዎችን ነው። ውስጥ ያለ ልጅ ፈቃደኛ ነህ ሲባል እምቢ ማለት ይችላል ብዬ አላምንም፤ ደግሞ መለያየቱን ከቀሰቀስኩበት በኋላ እኔ እሄዳለሁ፣ እሱ እዚያው ያድራል። ከትልልቆቹም ጋር «እንዴት ገባህ» ብዬ አልጀመርኩም። የመኝታ ክፍሉን ንድፍ እንዲስሉልኝ ጠየቅኩ። አልጋው የት ነበር፣ ወንድምህስ የት ይተኛ ነበር? ወሬው ራሱ ይመጣል። ወንድምና እህት በዕድሜና በፆታ ተለይተው የተለያየ ግቢ መላካቸው ከምግቡም ከዱላውም በላይ የሚነሳ ቅሬታ ሆነብኝ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቤቱን ይወዱታል፤ ያሳደገኝ ነው ይላሉ። ይህንንም እንዳለ ጻፍኩት።

ገና ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር እነግራቸው ነበር፤ ምስጢራችሁን እጠብቃለሁ፣ ግን አሁን እየተጎዳ ስላለ ልጅ ከነገራችሁኝ ዝም አልልም። ስምን ከጽሑፉ መሰረዝ ብቻውንም አይበቃም። መንታ መሆን፣ የተለየ የሰውነት ምልክት፣ የገቡበት ወር፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያስለያሉ። ቆንጆ ቆንጆ ታሪኮችን በዚህ ምክንያት ከጽሑፉ አውጥቻለሁ። ያንገበግባል።

ውጤቱን ለሠራተኞቹ ሳቀርብ የተቆጣ አልነበረም። አንዲት ሶሻል ወርከር ብቻ እጇን አወጣች። በጀቱ የሚሰላው ግቢ ውስጥ ባሉ ልጆች ቁጥር ነው፤ የምግብ አለ፣ የልብስ አለ፣ አክስት ፍለጋ ለሚሄድ ሰው የትራንስፖርት የሚባል መስመር ግን የለም አለች። ልጁ ወደ ዘመዱ ሲመለስ በስሙ የተያዘው ገንዘብ አብሮት አይሄድም፣ ይሰረዛል። ይህን በፋይሎቹ ውስጥ ላገኘው አልችልም ነበር። የጽሑፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ከሞላ ጎደል በእሷ አስተያየት ላይ እንደገና ሠራሁት፤ የምክር ሐሳቡም ስለ ሞግዚት ሥልጠና መሆኑ ቀርቶ ስለ በጀት አመዳደብ ሆነ።