አንዲት ዜሮ የጎደላት የጋቢ ዋጋ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ ለገና ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ 4,600 ብር የምሸጠውን አራት ድርብ ጋቢ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ «460 ብር» ብዬ ለጠፍሁት። የጎደለችው አንዲት ዜሮ ናት። እሷን ለመመለስ ግን አምስት ቀን ሙሉ ስደውል፣ ስጽፍ፣ ገንዘብ ስመልስና ስከራከር ከረምሁ፤ ከኪሴም ከሦስት ሺህ ብር በላይ ወጣ። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰሞን ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ ውሳኔ ስለሰጠሁና ከውሳኔዎቹ አንዱ እስካሁን ስለሚከነክነኝ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የራሴ ሱቅ የለኝም። ከቤቴ አንዱ ክፍል መጋዘኔ፣ ቻናሉ ደግሞ ገበያዬ ነው። ጋቢውን ሁለት ሸማኔዎች ይሠሩልኛል፤ ማጉን የሰፈሬ እናቶች ይፈትሉታል። ለጥጥና ለድር፣ ለፈታይ፣ ለሸማኔና ለሚቋጨው ሰው የማወጣው ሲደመር አንዱ ጋቢ 3,700 ብር ይፈጅብኛል፤ የማሸጊያው፣ የባጃጁና የእኔ ድካም ዋጋ ከቀሪው 900 ብር ውስጥ ነው። ሂሳቡን አስቀድሜ ማንሣቴ «ነጋዴ ሁሌ ያተርፋል፤ አንድ ቀን ቢከስር ምን ይሆናል?» የሚለውን አነጋገር በዚያ ሳምንት ደጋግሜ ስለሰማሁት ነው።

ስህተቱን የወለደው ችኮላ ነበር። ጀምበሯ ሳትጠልቅ ፎቶ ለማንሣት ብዬ ጋቢውን ጓሮዬ ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ በታሰረ ገመድ አንጠለጠልሁት፤ ነፋስ እያነሣ ሲያስቸግረኝ የግርጌውን ጫፍ በድንጋይ ያዝሁት፤ ድንጋዩ በፎቶው እንዳይታይ ደግሞ ስጎነበስና ስነሣ ቆየሁ። ከዚያ ዋጋውን ስጽፍ አውራ ጣቴ የመጨረሻዋን ዜሮ ሳይነካት አለፈ። ፎቶውን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ቁጥሩን ግን አንድ ጊዜም መልሼ አላነበብሁትም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ አንዲት የሽምብጥ ሴት በውስጥ መስመር «እትዬ፣ ጋቢው በለጠፉት ዋጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅናሽ ፈልጋ መስሎኝ፣ የለጠፍሁትን ዞር ብዬ ሳላይ «አዎ፣ በለጠፍሁት ነው፤ ቅናሽ የለውም» ብዬ መለስሁላት። ይህችን መልስ ዛሬም ሳስታውሳት ራሴን እታዘባለሁ። ጥቂት ቆይቶ ከ127 የቴሌብር መልእክት መጣ፤ 4,600 ብር ገብቷል። አንድ ጋቢ ተሸጠ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ስልኬም ባትሪው አልቆ ስለነበር ተዘጋ፤ እኔም ተኛሁ።

ጠዋት መብራት ሲመጣና ስልኩን ስከፍተው ዐሥራ አራት መልእክት ጠበቀኝ። ያ 4,600 ብር የአንድ ጋቢ ዋጋ ሳይሆን የዐሥር ጋቢ ዋጋ ሆኖ ተላከልኝ፤ ላኪው «ዋጋው ሳይቀየር ዐሥሩን ያዙልኝ» ብሎ ከሥሩ ጽፏል። የሽምብጧ ሴት 460 ብሯን ልካለች። ከዘጌም እንዲሁ 460 ብር ተልኳል። ስምንት ሰዎች ያለ ክፍያ «ይያዝልኝ» ብለዋል። ከሁሉ ቀድሞ፣ ከለጠፍሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ አባይ ማዶ የሚኖር አንድ የቆየ ደንበኛዬ «እትዬ፣ አንድ ዜሮ የጎደለች ይመስለኛል፤ ይዩት» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። የእሱን መልእክት በጊዜው ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

በድንጋጤ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የባሰ ስህተት ነበር፤ ማስታወቂያውን አጠፋሁት። ገንዘብ የላኩት ሰዎች ቻናሉን ሲከፍቱ ጋቢውም ዋጋውም የለም፤ እኔም ገና አልደወልሁላቸውም። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ በእነሱ ዓይን ገንዘብ ተቀብላ የጠፋች አታላይ ሆንሁ። መጥፋቱም አልረባኝም፤ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ወደ ሌላ ቡድን ከተላለፈ በኋላ ዋናውን ብናርመውም ብናጠፋውም የተላለፈው ቅጂ እንዳለ ይኖራል። የእኔው «460 ብር» በሁለት የሰፈር ቡድኖች ውስጥ እየዞረ ነበር። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ እንደገና ለጥፌ፣ ትናንት የጻፍሁት ዋጋ የእኔ ስህተት እንደነበረ፣ ትክክለኛው 4,600 ብር እንደሆነ፣ ገንዘብ ለላከ ሁሉ በዚያው ቀን እንደምደውል ጻፍሁ። ያለ ክፍያ ላዘዙት ስምንቱም ለየብቻ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሰባቱ በቀና ልብ ተቀበሉኝ፤ አንዱ ቻናሉን ለቆ ሄደ።

የእህቴ ልጅ ሕግ ያጠናል። ቡና አፍልቼ ነገሩን ሳጫውተው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አወጣና ያስረዳኝ ጀመር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝር መላክ ወይም ዕቃን ለሕዝብ አሳይቶ ማስቀመጥ ብቻውን ለውል የቀረበ ሐሳብ ተደርጎ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። እኔ ከተረዳሁት፣ የለጠፍሁት ፎቶ ገና ውል አይደለም፤ ገዥው «እፈልጋለሁ» ሲለኝ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው፤ ውል የሚሆነው እኔ ስቀበለው ነው። «ታዲያ ማንንም አልተቀበልሁም፤ ገላገልኸኝ» አልሁት። ሳቀና «አክስቴ፣ ለሽምብጧ ሴት አዎ ብለሻታል እኮ» አለኝ። በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ውል በዚህ ምክንያት ብቻ ዋጋ እንደማያጣ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ስለሚናገር፣ የቴሌግራሟ «አዎ» ቀላል ቃል አልነበረችም።

ስለ ስህተትም ነገረኝ። መሠረታዊ ስህተት ውልን ሊያስፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን አንቀጽ 1702 ስህተትን ከቅን ልቡና ውጭ ማንሣትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 1703 ደግሞ በስህተቱ ምክንያት ውሉን ያስፈረሰው ወገን ሌላው ያን ስህተት ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ካልሆነ በቀር በሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ያዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ገዥ የመዘንሁት በዚህች በመጨረሻዋ ሐሳብ ነው፤ ይህ ሰው ያውቅ ነበር ወይስ አምኖኝ ነበር?

የዐሥሩን ጋቢ ሰው መመዘን አልከበደኝም። «ዋጋው ሳይቀየር» ያለው መቀየሩ እንደማይቀር ስላወቀ ነው። ደውዬ ገንዘቡን እንደምመልስ፣ የማስተላለፊያውንም ክፍያ እኔ እንደምችል፣ ከፈለገ ግን የላከው 4,600 ብር ልክ የአንድ ጋቢ ዋጋ ስለሆነ አንዱን በዚያው ቀን እንደማደርስለት ነገርሁት። እስከዚያ በ«እርስዎ» ሲያናግረኝ የነበረ ሰው ወዲያው ወደ «አንቺ» ወረደና «የጻፍሽው አንቺ፤ እኔ ምን አገባኝ? በየቡድኑ አሳጣሻለሁ» አለኝ። ገንዘቡን መለስሁለት፤ የመለስሁበትንም ማረጋገጫ ላክሁለት። አሳጥቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ወደ ጆሮዬ የደረሰ ነገር የለም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሸማኔዎቼ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ አራት ጋቢ አስረክበውኝ የሦስቱን የእጅ ዋጋ ብቻ ጠየቁኝ። ቤቴ ገብቼ ስቆጥር አወቅሁት። «የተናገሩት እሳቸው ናቸው» ብዬ ዝም አልሁ፤ የአራተኛውን ከወር በኋላ ስከፍላቸውም ረስቼው ነበር አልሁ እንጂ እውነቱን አልነገርኋቸውም። በዚያ ወር ውስጥ በአእምሮዬ ስደጋግማት የነበረችው ሰበብ የዐሥሩ ጋቢ ሰው በስልክ ከነገረኝ ቃል በምንም አትለይም። ስለዚህ ለሰውየው ገንዘቡን ብመልስለትም ልሰድበው አቅም አላገኘሁም። ስለ ዜሮዋ ሰምተው «ከእጄ ዋጋ ላይ ቀንሽ፣ አብረን እንቻለው» ብለው የመጡትም እኚሁ ሸማኔ ናቸው። እንቢ አልኋቸው፤ የዚያን ጊዜውንም ነገር በዚያው ነገርኋቸው። «አውቀው ነበር» አሉኝና ወሬውን ወደ ድሩ መወደድ መለሱት።

ለሽምብጧ ሴት ጋቢውን በ460 ብር ሰጠኋት። ስደውልላት ቀድማ «እትዬ፣ እኔ እኮ ጠይቄዎታለሁ» አለችኝ፤ ከዚህ በኋላ የምለው ነገር አልነበረኝም። ጋቢው ለአራስ እህቷ ነበር። እሷ ቤት ስደርስ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አቀናችና አራቱ ድርብ እኩል መሆኑን አየች፤ የፈትሉን ውፍረትም በጥፍሯ አሻሸችው። ጋቢ የምታውቅ ሴት ናት። ዋጋው የማይመስል መሆኑ ገብቷት ይሆን እያልሁ በልቤ ተጠራጠርሁ፤ ግን ብታውቅ ኖሮ ለምን ትጠይቀኛለች? ጥርጣሬ ላለው ሰው ከመጠየቅ ሌላ ምን ታማኝነት አለ? መላሿ እኔ ነኝ። 3,240 ብር ከሰርሁ፤ በዚህ ውሳኔ ግን አንድ ሌሊትም እንቅልፍ አላጣሁም።

የአባይ ማዶው ደንበኛዬ ነገር በኋላ ነው የታወሰኝ። ስህተቴን አይቶ የነገረኝ እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለውም እሱ ሊሆን ነበር። ዝም ብሎ 460 ብር ልኮ ቢሆን ምናልባት ይሳካለት ነበር። ስለዚህ ለገና የፈለገውን አንድ ጋቢ በወጪዬ፣ በ3,700 ብር፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በባጃጅ ተሻግሬ በር ድረስ ወሰድሁለት። «ለዚህ ብዬ አይደለም የጻፍሁት» ብሎ 4,600 ሊሰጠኝ ታገለኝ፤ እኔም ታገልሁት። ደጅ ላይ የቆመችው ሚስቱ «ገበያ ተገለበጠ እንዴ?» ብላ ሳቀችብን።

ከዚያ ወዲህ አለጣጠፌን ቀይሬአለሁ። ዋጋን በአኃዝ ብቻ አልጽፍም፤ «4,600 (አራት ሺህ ስድስት መቶ)» ብዬ በፊደልም እደግመዋለሁ፤ በፊደል ሲጻፍ ዜሮ አይጠፋም። ማታ አልለጥፍም፤ ጠዋት ለጥፌ፣ ስልኩ በእጄ እያለ፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚመጣውን መልእክት እከታተላለሁ። ዋጋ ለሚጠይቀኝ ሰው «አዎ» ወይም «በለጠፍሁት» ብዬ መመለስ ትቻለሁ፤ ሙሉውን ቁጥር እጽፍለታለሁ። ከተሳሳትሁም ጽሑፉን አላጠፋም፤ ማረሚያውን ከሥሩ እጽፋለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል ብቻ አይደለም፤ ስህተቱ በግልጽ ሲታረም ሰው ይቅር ለማለት እንደሚቀልለው በስምንቱ ሰዎች አይቻለሁ።

የቀረው የዘጌው ሰው ነው። እኔ ከመደወሌ በፊት በጠዋቱ ጀልባ ተሳፍረው መጥተው ነበር፤ ሳገኛቸው ከጀልባው መነሻ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ቡና የሚለቅሙ ሰው ናቸው። «ማስታወቂያውን ያየውም ብሩንም የላከው ልጄ ነው» አሉኝ። «በዚህ ዋጋ ጋቢ መገኘቱ ገርሞኛል፤ ግን ከተማ ነው፣ ምን ይታወቃል ብዬ መጣሁ።» ስህተቴን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ፌስታላቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የደርሶ መልስ የጀልባውን ሰጠኋቸው፤ ምሳም ጋበዝኋቸው። ከዚያ ጋቢውን በወጪው 3,700 ብር፣ የላኩት 460 እንደ መጀመሪያ ክፍያ ተቆጥሮ ቀሪውን በተመቻቸው ጊዜ እንዲከፍሉኝ ተስማማንና ይዘውት ተመለሱ።

በሕጉ ብመዝነው የጎደለኝ ነገር የለም፤ ውል አልገባሁላቸውም፤ ወጪያቸውንም ክሻለሁ። ያም ሆኖ የሽምብጧ ሴት ያንኑ ጋቢ በ460 ብር ለብሳለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እኔ ሳላስብ የጻፍኋት አንዲት «አዎ» ብቻ ናት። እሷ ስልኳን ይዛ ቤቷ ተቀመጠች፤ እሳቸው ጣናን አቋርጠው መጡ። ሁለቱንም በ460 ብሸጥ አልችልም ነበር፤ ሁለቱንም በወጪ ብሸጥ ደግሞ ቃሌን አጥፍ ነበር። ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

ልጃቸው በየጊዜው እየላከ 2,000 ብር ከፍለዋል፤ 1,240 ብር ቀርቷል። በመጨረሻው ክፍያ ላይ ልጁ «አባቴ ጋቢውን ለብሶ ኪዳነ ምሕረት ሄደ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ስለ ቀሪው ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።