«ምንም አይልም» ከሚለው መልስ ለመውጣት፦ የ4 ሳምንት የልምምድ መዝገብ

የሥራ ባልደረባን «አብሮ ለመሥራት እንዴት ነኝ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፦ «ኧረ ምንም አይልም፣ ጎበዝ ነህ»። ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ከሰው ጋር የመሥራት ልማዳችንን የምናይበትና የምናርምበት ይህ ልምምድ ከጥያቄ ሳይሆን ከቆጠራ ይነሳል።

1ኛ ሳምንት

የሚያስፈልገው የደብተር ህዳግና እስክሪብቶ ነው። በስብሰባ ላይ በተናገሩ ቁጥር ጭረት፣ ሰው ባቋረጡ ቁጥር ኤክስ፣ በጠየቁ ቁጥር ክብ። «ለምን እንደዚህ አናደርገውም?» የሚለው ጥያቄ የለበሰ ሐሳብ ስለሆነ ጭረት እንጂ ክብ አይገባውም። የመጀመሪያዎቹን 2 ስብሰባዎች ቁጥር መጣል ይሻላል፤ ቆጣሪው ራሱን ስለሚጠብቅ ከልማዱ ያነሰ ይናገራል።

ኤክሱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «እህ»፣ «ልክ ነው»፣ ወይም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምናሰማት አጭር «አዎ» ማጀብ እንጂ ማቋረጥ አይደሉም። በዙም ስብሰባ ግን ማይክ ዘግተን ስለምንቀመጥ ያቺ ትንፋሽ አትሰማም። ተናጋሪው የሰማው ያለ ስለማይመስለው ነገሩን ይደጋግማል፣ እኛም ሰልችተን እንገባበታለን። በኦንላይን ስብሰባ ብቻ ኤክስ የሚበዛበት ሰው ጠባዩን ከመውቀሱ በፊት ካሜራውን ከፍቶ ራሱን እየነቀነቀ ይሞክር።

2ኛ ሳምንት

አሁን መጠየቅ ይቻላል፤ 3 ሰው ይበቃል፦ አለቃ፣ እኩያ፣ እና ሥራችንን ከእኛ እጅ የሚቀበል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ብዙ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ጥያቄው ጠባብና የተወሰነ ይሁን፦ «ትናንት ሪፖርቱን ሳስረክብህ ሥራህን ያጓተተብህ አንድ ነገር ምን ነበር?» ለታላቅ ሰው ደግሞ «ቢያስተካክለው የሚሉት አንድ ነገር ቢነግሩኝ»። ከአንድ ቀን በፊት አሳውቆ፣ ለብቻ፣ ቢቻል ቡና ላይ። በሰው ፊት ከሆነ ግምገማ ግምገማ ይሸታል፤ «ሂስና ግለ ሂስ» ያሳለፈ ሰው ወዲያው አፉን ይዘጋል።

መልሱ በተናጋሪው ቃል ይጻፍ። «አመሰግናለሁ» ተብሎ እዚያው ይቁም። «እሱ እኮ የሆነው…» ብሎ ማስረዳት ከተጀመረ ከዚያ ሰው ሁለተኛ መልስ አይገኝም።

3ኛ ሳምንት

አንድ ልማድ ብቻ ይመረጥ። ማቋረጥ ከሆነ፣ ሰው ከጨረሰ በኋላ 2 ሰከንድ መቆየት ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በ10 ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው አማካይ ክፍተት 200 ሚሊሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። 2 ሰከንድ የዚያ 10 እጥፍ ስለሆነ ለሚጠብቀው ሰው ዓመት ይመስለዋል። ተናጋሪው «እና ደግሞ…» ብሎ የሚቀጥልባት ክፍተት ግን እሷ ናት፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከ«ደግሞ» በኋላ ይመጣል።

4ኛ ሳምንት

ለነዚያው 3 ሰዎች ያው ጥያቄ ይቀርባል፣ ቆጠራውም ይደገማል። እዚህ ጋ የሚያጋጥመው ብልሽት ጭረቱም ኤክሱም ቀንሶ ክቡ ግን ባለበት መቅረቱ ነው። ያ ሰው ዝም ማለትን ብቻ ነው የተለማመደው፤ ባልደረቦቹ ደግሞ ዝምታውን ኩርፊያ ነው ብለው ይተረጉሙታል። መድኃኒቱ «ቀድሜ ላለመግባት እየሞከርኩ ነው» ብሎ በግልጽ መናገር፣ በየስብሰባው ደግሞ ቢያንስ 2 ክብ ማስገባት ነው።