ዲቴክተሩን ከማብራትህ በፊት ካርታውን ክፈት

ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረትና ሳንቲም የሚጠቁም ማሽን) ይዤ የድሮ እቃ ስለምፈልግ ብዙ ሰው ሚጠይቀኝ "የትኛውን ማሽን ልግዛ?" ነው። አቅምህ የፈቀደውን ግዛ ወንድሜ፣ ማሽኑ ሁለተኛ ነገር ነው። ውድ ዲቴክተር ይዞ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ጫካ ውስጥ ሲዞር የሚውልና ርካሹን ይዞ ድሮ ሱቅ የነበረበት መንገድ ዳር የቆመ ሰው በጭራሽ እኩል አይደሉም፣ ምክንያቱም ሳንቲም የሚገኘው ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ ያወጣበት ቦታ ላይ ነው፣ ያ ቦታ ደግሞ ዛሬ ሳርና ቁጥቋጦ ሆኖ ምንም ላይታይህ ይችላል፣ ካርታ ላይ ግን አለ።

እኔ ያለሁት ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው (ግማሻችሁም እዚሁ ናችሁ መሰለኝ) ስለዚህ ምሳሌዬ ሁሉ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። መጀመሪያ ምከፍተው ማርትኔትና ቦንድ በ1865 ያወጡትን የካውንቲውን ካርታ ነው፣ የኮንግረስ ላይብረሪ ስካን አድርጎ በነጻ አስቀምጦታል፣ ዙም ስታደርገው ጥርት ብሎ ይነበባል። ቤቶቹን በነጥብ አስቀምጦ አጠገባቸው የባለቤቱን ስም ይጽፋል፣ ወፍጮ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበረ፣ ት/ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሁሉም አለ። ከሱ ቀጥሎ ሆፕኪንስ በ1879 ያወጣው ዋሽንግተን ዙሪያ 15 ማይል የሚሸፍን አትላስ አለ፣ ከዛ ደግሞ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሲሰራቸው የኖሩት ቶፖ ካርታዎች (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከነመንገዱና ከነቤቱ የሚያሳዩ)። ቶፖቪው የሚባለው ሳይታቸው ላይ ገብተህ ሰፈርህን ክሊክ ስታደርግ በየዘመኑ የታተመው ሁሉ ተደርድሮ ይመጣልሃል፣ ኬኤምዚ የሚባለውን ፋይል አውርደህ ጉግል ኧርዝ ላይ መክፈት ነው፣ በቃ።

ጨዋታው ያለው ግን ማወዳደሩ ላይ ነው። በ1865ቱ ላይ ያለ ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያም ካለ፣ በ1940ዎቹ ካርታ ላይ ግን ከጠፋ ጆሮዬ ይቆማል። እስከዛሬ የቆመ ቤት የሰው ግቢ ነው፣ ሞል የተሰራበት ደግሞ አፈሩ ተገልብጦ ተጭኖ ሄዷል። እኔ ምፈልገው ቤቱ የጠፋበትን ግን መሬቱን ማንም ያልነካውን ነው፣ ብዙ ጊዜ እርሻ ዳር ወይ እርሻ የነበረ ጫካ ውስጥ ነው ሚገኘው። አንድ ክፍል ብቻ የነበራቸው የገጠር ት/ቤቶች ደግሞ ከሁሉም ይበልጡብኛል፣ ልጅ መቼም ሲሮጥ የማይጥለው ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ የድሮ ካርታ አቅጣጫ ይሰጥሃል እንጂ ቤቱ በር ላይ አያደርስህም። ብዙዎቹ የድሮ ቶፖዎች 1፡62,500 ናቸው፣ ማለትም ካርታው ላይ አንድ ሚሊሜትር መሬት ላይ 62.5 ሜትር ነው፣ ካርታውን የሳለው ሰው እጁ ትንሽ ቢንሸራተት አንተ ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ነህ። የ1865ቱማ ጉግል ኧርዝ ላይ ስትጭነው ባንዱ በኩል ሲገጥም በሌላው ይሸሻል። ስለዚህ ሙሉ ካርታውን ለማስማማት አትድከሙ፣ ምትፈልጉት ቤት አጠገብ ያለውን ብቻ አስማሙ፣ ወንዝ ከወንዝ የሚገናኝበትን ወይ ያልፈረሰ ቤተክርስቲያን ያዙና ከዛ ለኩ። መንገድ ይቀየራል፣ ሮክ ክሪክ ወንዝ ግን ያው እዛው ነው። ሌላው ሰው ሚሸወድበት የታተመበትን አመት አይቶ የተለካበትን አለማየት ነው፣ ዳር ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ በድጋሚ የታተመ ካርታ ላይ ያለው መረጃ በጣም የቆየ ሊሆን ይችላል።

ከካርታው ቀጥሎ ላይዳር አያለሁ፣ ከአውሮፕላን በሌዘር ተለክቶ ዛፉ ሁሉ ተነስቶ ባዶ መሬቱ የሚታይበት ምስል ነው፣ የድሮ ቤት ምድር ቤት እንደ ትንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓድ፣ የተተወ መንገድ እንደ ቦይ ሆኖ ይወጣል። እዛው ስትደርስ ደግሞ አበባውን እይ፣ ማርች መጨረሻ ላይ ጫካ መሀል ቢጫ ዳፎዲል በሰልፍ በቅሎ ካየህ ማንም ይሁን ማን ደጁ ላይ የተከለው ነው።

ከዛ ሚስማር ይመጣል። ብዙ ሰው ማሽኑ ለብረት እንዳይጮህ አድርጎ ነው ሚሄደው፣ እኔ ቤት ስፈልግ ለብረትም እንዲጮህ አደርገዋለሁ። ክብ ሽቦ ሚስማር ገበያውን የያዘው በ1890ዎቹ ነው፣ ከዛ በፊት የነበረው ጠፍጣፋ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ አራት ማዕዘን ነው፣ ዝገቱን በጣትህ ስትፍቀው ጠርዙ ይሰማሃል። እሱ ደጋግሞ ከወጣ ቤቱ እዚህ ነበር፣ እግርህን ቀስ አድርግ። ቀጥሎ የልብስ ቁልፍ፣ የፈረስ እቃ ዘለበት ምናምን፣ ከቀናህ ደግሞ ከ1859 እስከ 1909 የተመታው ኢንዲያን ሄድ የሚባለው ባለ አንድ ሳንቲም፣ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ነው ሚወጣው። ዳይም (አስር ሳንቲም) ከሆነ ግን እስከ 1964 ድረስ 90% ብር ስለሆነ ከጭቃው ውስጥ ዛሬ የጣልከው ይመስል እያበራ ይወጣል።

አሁን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ክትፎ ስትበሉ ይሄን አስቡ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ጁላይ 1864፣ የደቡቦቹ የጄኔራል ኧርሊ ጦር በሮክቪልና በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል በዚሁ መንገድ ወርዶ ዲሲን የሚጠብቀው ምሽግ ፎርት ስቲቨንስ ላይ ነው የተዋጋው፣ ፕሬዝዳንት ሊንከንም እዛው ተገኝቶ አይቷል። "እና ፎርቱን አትሞክረውም?" እንዳትሉኝ። ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ (የፌዴራል ፓርኮች መስሪያ ቤት) የሚያስተዳድረው ቦታ ላይ መቆፈር ቀርቶ ዲቴክተር አውጥቶ መያዝም ወንጀል ነው፣ የድሮው የውሃ መንገድ ሲ ኤንድ ኦ ካናልም እንደዛው፣ የ1979ኙ የአርኪዮሎጂ ህግ ደግሞ ፌዴራል መሬት ላይ ከ100 አመት በላይ የሆነን ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይቀጣል። ከሀገር ቤት ደውላችሁ "ጣሊያን የቀበረው ወርቅ አለ፣ ካርታውም እጃችን ላይ ነው፣ ማሽን ላክልን" ለምትሉኝም መልሴ ያው ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡ፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር እዛም ክልክል ነው። ካርታውን የሸጠላችሁን ሰውዬ ደግሞ ራሱ ለምን እንዳልቆፈረ ጠይቁት እስቲ።

ለኔ ያለው የግል መሬት ነው፣ በባለቤቱ ፈቃድ። ሜሪላንድ የንብረት መዝገቡ ኦንላይን ክፍት ስለሆነ የማን እንደሆነ ታገኛለህ። ባዶ እጅህን ግን አታንኳኳ፣ ከ1865ቱ ካርታ ላይ የባለቤቱ መሬት ያለበትን ቁራጭ ፕሪንት አድርገህ ሂድ። በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋ ሄጄ ገና ሰላም ስል ፊታቸው "ምን ልትሸጥልኝ ነው" አይነት ነበር፣ ወረቀቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አጥልቀው የመኪናዬ ኮፈን ላይ ዘረጉትና ነጥቧን በጣታቸው ተጭነው "ይሄማ እኛ ሁሌ በትራክተር የምንዞረው የድንጋይ ክምር ነው" አሉኝ። ያገኘሁትን ሁሉ እንዳሳያቸውና ጉድጓዱን መልሼ እንድደፍን ተስማምተናል። አሁን ግን አኩሪ አተር ተዘርቶበታል፣ ኦክቶበር ላይ ሲታጨድ ደውልልኝ ብለውኛል።